ሦስት ረከቦት

ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ፣ ከሳሪት ሴንተር በእግር አሥር ደቂቃ በማይሞላ ቦታ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ቤቴ ውስጥ ሦስት ረከቦት፣ ሦስት ጀበና፣ ሠላሳ ስድስት ስኒ አለ። ቡና ቤት የከፈትኩ እንዳይመስላችሁ። እሑድ ከሰዓት ክርስቲያን ወገኖቼን ቡና ስለምጠራ ብቻ ነው።

ድሮ ረከቦቱ አንድ ነበር። ከኢስሊ በማታቱ (በሚኒባስ ታክሲ) የሚመጣው፣ ከፓርክላንድስ በእግሩ የሚመጣው፣ ከኪሊማኒ መኪናውን ይዞ የሚመጣው አንድ ላይ ተቀምጦ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጤፍ መወደድ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ወረፋ ያወራ ነበር። ሃይማኖት የሌለው ሰው ወሬ ማለት ነው። አንድ እሑድ ታዲያ አዲስ እንግዳ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም ያለው። አቦሉ ተቀድቶለት ስኒውን በሁለት ጣቱ እንደያዘ፣ ጎኑ ወደተቀመጡት አዛውንት ዞረና፣

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ የየትኛው ነዎት?» አላቸው።

«የጎንደር ነኝ ልጄ።»

«አይ፣ ቤተ ክርስቲያን ማለቴ ነው።»

«ኦርቶዶክስ ነኛ!»

«እሱማ አዎ። የቱ?»

አቦል ላይ አንድ ነበርን። ቶና ላይ ሁለት ሆንን። በረካ ሲቀዳ ሦስት። በረከቱ ይኸው እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ሳስበው ግን መከፋፈል የአባት ወግ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ መሆናቸውን በአደባባይ አወጁና አሥር ዓመት አገሩ እርስ በርሱ ተራረደ። በ1632 የገዛ ሕዝባቸውን ሬሳ ካዩ በኋላ ሃይማኖቱን መልሰው፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ካቶሊኮቹ ሲወጡ ደግሞ ሥራ እንዳንፈታ ቅባትና ተዋሕዶ፣ ኋላም ጸጋ ተባብለን ለሁለት መቶ ዓመት የሚበቃ ክርክር ገጠምን። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ፣ ምኒልክ ባሉበት፣ የጸጎችን የሦስት ልደት ትምህርት አስወግዘው ነገሩን ዘጋሁት አሉ።

እኔ ግን እነዚያን ሊቃውንት አላደንቅም፤ ጊዜ ያባክኑ ነበር። ሰውየው ስለ ወልድ መቀባት አንዲት ቃል ከመናገሩ በፊት ደበሎ ለብሶ፣ ኮቾሮ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ፣ ቅኔ ቤትና ትርጓሜ ቤት ዕድሜውን ይፈጃል። የዌስትላንድሱ ሊቅ ይህን ሁሉ በሠላሳ ሰከንድ ቲክቶክ ጨርሶታል፤ ያውም ማታቱ ውስጥ ቆሞ። አንዱን «ለመሆኑ ቅባቶች ምን ነበር የሚሉት?» ብዬ ብጠይቀው «ስለ ሜሮን መሰለኝ» አለኝ። መሰለኝ ብሎ ግን ሊያወግዛቸው ዝግጁ ነበር። ይህን ያህል ቆራጥነት ቦሩ ሜዳ ላይም አልታየም።

የኛ የስደተኞቹ ክፍፍል እንዴት ያለ የተሟላ እንደነበር የሚያውቅ ያውቀዋል። የሀገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ሲኖዶስ፣ ለሁለቱም አልሆን ያለው ደግሞ «ገለልተኛ»። ገለልተኛ ሆኖ ከሁለቱም መጣላት የሚቻለው እኛ ዘንድ ብቻ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ ወረደ ሲባል ብዙ ሰው እንባ አወጣ፤ አንዳንዱ የደስታ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ቆይቶ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ወሊሶ ላይ ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ ጳጳሳት ተሾሙ። የትግራይም አባቶች በጦርነቱ ቁስል ተለዩ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስለ ባሕርይም ስለ ልደትም የተነሳ አንድ ጥያቄ የለም። ቤቴ ውስጥ ግን ሁሉም «የሃይማኖት ጉዳይ» ይባላል።

ወንጌላውያኑም በረከቱ አልቀረባቸውም። መካነ ኢየሱሱ፣ ቃለ ሕይወቱ፣ ሙሉ ወንጌሉና መሠረተ ክርስቶሱ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ይጠጣሉ፤ አንድ የሚያደርጋቸው ኦንሊ ጂሰሱን አለማስገባታቸው ነው።

ፈረንጁም ቢሆን አያንስም። ከሰፈሬ የሚነሳው ዋያኪ ዌይ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሲሄድ ኪኩዩ ያደርሳል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1913 የአንግሊካን፣ የፕሪስቢቴርያንና የሌሎችም ሚሲዮናውያን ተሰብስበው ትብብር ከመከሩ በኋላ፣ ተሳስተው አንድ ላይ ቆረቡ። የዛንዚባሩ ጳጳስ ፍራንክ ዌስተን የሞምባሳንና የዩጋንዳን ጳጳሳት በመናፍቅነት ከሰሷቸውና ነገሩ ካንተርበሪ ደረሰ። በጊዜው እንግሊዝ አገር የተቀለደው ቀልድ፣ ያ ቁርባን እግዚአብሔርን እጅግ ደስ ያሰኘ ነበር፣ ዳግመኛ ግን በምንም ዓይነት እንዳይደረግ ተወስኗል የሚል ነው። በዚያው ዋያኪ ዌይ ዳር፣ ከቤቴ ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። የኛ ተዋሕዶም መካነ ኢየሱስም አባል ናቸው። አንድ አጥር ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ! ወገኖቼ በዚያ በር ፊት በየሳምንቱ ያልፋሉ፤ ማታቱው ስለሚፈጥን ይመስለኛል ጽሑፉን አያነቡትም።

ከሁሉ የሚያስደምመኝ ግን ሊፍታችን ነው።

ሊፍቱ «ስምንት ሰው፣ 630 ኪሎ» ይላል፤ ስለ ባሕርይ ብዛት የሚለው የለም። የመጀመሪያው ቡድን ከስምንት እስከ ዘጠኝ ተኩል፣ ሁለተኛው እስከ አሥራ አንድ፣ ሦስተኛው እስከ አንድ ሰዓት ይጠጣል። ዶግማ ይለየን እንጂ ማርፈድ አንድ ያደርገናልና፣ ወጪና ገቢው ሊፍቱ በር ላይ ይጋጠማል። መጀመሪያ አንደኛው ወገን ከሌላው ጋር ላለመሳፈር በደረጃ መውጣት ጀመረ። ስድስት ፎቅ ነው፤ ስግደት ይተካል። ሁለተኛው ወገን ይህን ሲያይ ትሩፋቱን ለብቻቸው አንሰጣቸውም ብሎ እሱም በደረጃ ሆነ። አሁን ደረጃው ተጨናንቆ ሊፍቱ ባዶውን ይወጣል፣ ባዶውን ይወርዳል። የሕንፃው ኬርቴከር ጎረቤት ሲያማርርበት ፕሮግራም አውጥቶ፣ በላስቲክ አስለብሶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ቡድን ኤ፣ ቡድን ቢ፣ ቡድን ሲ። አዬ ሰውየው! ሰላም ያወረደ መስሎት ነው። ኤ ማን ነው? ኤ የተባለው በቅድምና ነው ወይስ በክብር? ቢ ከኤ የወጣ ነው ወይስ ኤ ከቢ የኮበለለ? በዚህ ጉዳይ ሁለት ደብዳቤና አንድ ግዝት ደርሶኛል። የሕንፃው ዘበኛ አሁን ሳንናገር ይለየናል። ከረባትና የቆዳ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ሲያይ «ሲ» ይላል። ነጠላ ለባሹን ኤ ይሁን ቢ በምን እንደሚለይ ጠየቅሁት፤ ሲተያዩ ፊቱን ቀድሞ የሚያዞረው ኤ ነው አለኝ።

የቀረን አንድ ነገር ነው፤ እሱም መምጣቱ አይቀርም። አንድ እሑድ መብራት ይጠፋል፣ ጄነሬተሩም እምቢ ይላል፣ ሊፍቱ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መካከል ቀጥ ይላል። ውስጡ ዝናብ ያጣደፋቸው ስምንት ሰዎች አሉ፤ ከሦስቱም ወገን። እንጸልይ ይባላል። ማን ይጀምር? ጋሼ «አቡነ ዘበሰማያት» ሲሉ አንዱ በአማርኛ ይሁን ይላል፣ ሌላኛዋ በልሳን ጀምራለች። ጋሼ «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ላይ ሲደርሱ ሦስቱ ጆሯቸውን ይይዛሉ። አየሩ እየታፈነ ሲሄድ ከመናፍቅ ሳንባ የወጣን ትንፋሽ መልሶ መሳብ ጾም ያስገድፍ እንደሆነ ጥያቄ ይነሳል። መልሱ እስኪገኝ ሁለት ሰው ትንፋሹን ይይዛል። በመጨረሻ ቴክኒሻኑ በላይ በኩል አጎንብሶ «ምኮ ዋንጋፒ?» ይላል፤ ስንት ናችሁ ማለቱ ነው። ስምንቱም በአንድ ድምፅ «ሦስት!» ይላሉ። ቴክኒሻኑ ሦስት ሰው ቆጥሮ ያወጣና መፍቻውን ሰብስቦ ይሄዳል። የቀሩት አምስቱ ለአፍታ ዝም ይላሉ። ከዚያ የወጡት እምነታቸውን ጥለው እንደወጡ፣ እውነተኞቹ የጸኑት እነሱ እንደሆኑ ይገለጥላቸዋል። አራተኛ ወገን ተወለደ። ሊቀ መንበር ይመርጣሉ፣ ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ ማኅተም ያስቀርጻሉ። ኬርቴከሩ በወሩ መጨረሻ የሊፍቱን ኪራይ ሊጠይቅ ሲያንኳኳ፣ ከውስጥ «የቱ ነህ?» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ባለፈው ሰኔ በሞያሌ በኩል አንድ ልጅ ናይሮቢ ገባ። ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ ማደሪያ የለውም። ሦስቱም ቡድን ዘንድ ደወልኩ። አንደኛው ጋ «ልጁ የየትኛው ነው?» አሉኝ። ሁለተኛው ጋ «ከእነዚያ ጋር አላስቀደሰም አይደል?» ሦስተኛው ጋ «ጌታን ተቀብሏል ወይ?» አሉና እስኪቀበል እንደሚጸልዩለት ቃል ገቡ። ኢስሊ ያለ አንድ ሶማሌ ነጋዴ ሱቁ ጓዳ ውስጥ ፍራሽ ዘረጋለት። የጠየቀው ጥያቄ «በልተሃል?» የሚል ነው።

ይህ ሃይማኖት አይደለም። ጥቅስ የለበሰ ክፋት ነው። ለአትናቴዎስም ለቄርሎስም ያልተቆረቆረ ሰው በስማቸው በር ይዘጋል። እኔስ? እኔ ቤት አለኝ፣ ሳሎን አለኝ። ሳሎኔ ግን ሦስት ረከቦት ስለዘረጋሁበት ለአንድ ፍራሽ ቦታ አልነበረውም።

ወደ በረከቱ ልመለስ። ስኒዎቼም ተለይተዋል። አሥራ ሁለቱ መስቀል አላቸው፤ ሲዎች በእነሱ አይጠጡም። አሥራ ሁለቱ ባንዲራ አላቸው፤ ስለ የትኛው ባንዲራ እንደሆነ አትጠይቁኝ። አሥራ ሁለቱ አበባ ናቸው። ባለፈው እሑድ ቢዎች በረካ ላይ ደርሰው ሳለ፣ ከመካከላቸው አንዷ ወደ ጎኗ ዞራ «ይቅርታ እህቴ፣ የቱ ነሽ?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ያን ማታ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ደወልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ልትጠይቀኝ ትመጣለች፤ አራተኛ ረከቦት ይዘሽልኝ ነይ፣ ስኒዎቹ ግን መስቀልም ባንዲራም አበባም የሌለባቸው ነጭ ይሁኑ አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና፣ «ነጩ ደግሞ የየትኞቹ ነው?» አለችኝ።