ባለ ስድስት ኢንቹ

አባባ ከማስተማር ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል። «ፊደሉ ይዋኝብኛል» ሲሉኝ አላስቻለኝም፤ ባለ 10 ኢንች ታብሌቴን ሸጥሁና ባለ 6 ኢንች ኢ-ሪደር ገዛሁላቸው። ያሰብሁት አባባ የሚኖሩባትን የነፋስ መውጫ ከተማን መብራት ነው። ታብሌት መብራት በጠፋ ማግስት ይዘጋል፤ ኢ-ሪደር ግን ስክሪኑ ኃይል የሚፈልገው በዋናነት ገጽ ሲቀየር ስለሆነ አንዴ ከሞሉት ሳምንታት ይቆያል። ደግሞም አባባ የሚያነቡት ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ታብሌት እዚያ የራስን ፊት ያሳያል፤ ኢ-ሪደር እንደ ወረቀት ነው፣ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይጠራል።

ከደብረ ታቦር በጋሳይ፣ በክምር ድንጋይ አድርጌ፣ የጉና ብርድ አጥንቴን እየሰበረው ገባሁ። ቡናው ሳይቀርብ የአለቃ ታዬን «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ከፈትሁላቸው። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አቀረቡት፣ አራቁት።

«ልጄ፣ ይሄ የተበተነ ተልባ ነው እንጂ ጽሕፈት አይደለም።»

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነበር፤ የገጽ ፎቶ። የተተየበ ቢሆን ፊደሉን ሲያሳድጉት መስመሩ ራሱ እየታጠፈ ይሰተር ነበር። ፎቶ ግን ሲያሳድጉት ዳርና ዳሩ ከስክሪን ይወጣል፤ አባባ ግማሽ ቃል ይዘው ሌላውን ግማሽ ፍለጋ ስክሪኑን ይጎትታሉ። በሸጥሁት ታብሌት ገጹ እንዳለ ይነበብ ነበር። ስካን ለሚያነብ ሰው ዛሬም ሰፊ ታብሌት ነው የምመክረው። በቴሌግራም የሚዞሩት የቆዩ መጻሕፍታችን ደግሞ አብዛኞቹ እንዲህ ፎቶ ናቸው፤ ይሄ ያንገበግበኛል። የአንድ ዘመን መጽሐፍ ሁሉ በፎቶ ቀርቶ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ምን ያንብብ?

አባባ አልተቆጡም። «ቤተልሔም ዜማ ቤት ድጓ ሊማር የሚወርድ ተማሪ» አሉኝ፣ «ድጓውን ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፋል። ያንተ ጣት ምን ሆነ?»

ያን ሌሊት የላፕቶፔ ባትሪ እስኪያልቅ ከስካኑ እያየሁ ተየብሁ። አምስት ገጽ ወጣኝ። በፊደሉ ፈንታ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ እንዳይታይ ብዬ ኢ-ሪደሩ ላይ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት ጫንሁ፤ ፊደሉንም የባቄላ ፍሬ አሳከልሁት።

ጠዋት አባባ ደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ ፀሐዩን በጀርባቸው አድርገው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ክፍል ውስጥ ያነቡ እንደነበረው አነበቡ። ገጹ ሲያልቅ ሌባ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ስክሪኑን ገለጡ። የተየብሁት ሲያልቅ ቀና አሉ።

«ቀጣዩስ?»