የጣርማ በር ጉም፣ ግማሹ የራሳችን ነው

አሮጌ መኪና ሊገዛ የሄደ ሰው ጎማውን በእግሩ ይመታል፣ ቴፑን ከፍቶ ያዳምጣል፣ ኮፈኑን አስከፍቶ ብዙ እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። «ማሞቂያው ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ቢጠይቅም የሻጩ መልስ የታወቀ ነው፤ «ወንድሜ፣ አውሮፓ አይደለን!»

እውነት ነው፣ አይደለንም። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንደርስ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ አልፈናል፤ ጉሙ ደግሞ አህጉር አይጠይቅም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ትቶልን ሄዷል። ዋሻው ዛሬም ይሠራል። የማይሠራው የመኪናችን ማራገቢያ ነው።

ሚኒባሱ ሙሉ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ። የተሳፋሪው ትንፋሽ የቀዘቀዘውን መስታወት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ጨርቁን ይዞ መዳፍ የምታክል ቦታ ያብሳል፤ ወዲያው ትጠፋለች፤ እንደገና ያብሳል።

«እማማ፣ ትንሽ ይክፈቱልን፣ መንገዱ አልታይ አለ» ይላል ረዳቱ።

«በዚህ ዕድሜዬ ብርድ ልታስመታኝ ነው፣ ልጄ?» ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። ከኋላ የተቀመጠው ጎረምሳም ከእሳቸው ጋር ያብራል። ገደልና ንፋስ ለምርጫ ቢቀርቡ ገደሉ በሰፊ ድምፅ ያሸንፋል።

በእማማ አልፈርድም። መስኮት ሳይከፈት መስታወት የሚያደርቀው ዕቃ እዚያው ዳሽቦርዱ ሥር አለ። ሞተሩ ያሞቀው ውሃ በአንዲት ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ያልፋል፤ ማራገቢያዋ ሙቀቱን ወደ መስታወቱ ትነፋለች። ሙቀቱ በነፃ ነው፤ የምትሞተው ማራገቢያዋ ናት። እሷም በአንድ ጊዜ አትሞትም። መጀመሪያ ትጮኻለች፤ ካርቦኗ ሲያልቅ ደግሞ ዳሽቦርዱ በቡጢ ካልተመታ አትነሳም። ባለቤቱ የሚመታበትን ቦታ አሳምሮ ያውቃል፣ እንግዳ ሲያሳፍርም እንደ ሙያ ያሳያል።

ቡጢው መሥራት ሲያቆም ጋራዥ ይኬዳል። ማስተሩ መቀመጫው ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ እግሩን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ፣ ጭንቅላቱን ዳሽቦርዱ ሥር ይከታል። በአንዳንዱ መኪና የማራገቢያዋ ሞተር ከመሳቢያው ሥር በጥቂት ቡሎን ትወርዳለች። በሌላው ግን ዳሽቦርዱ ካልተነሳ እጅ አያገኛትም። «ዳሽቦርዱ ከተነካማ መኪናው መኪና አይሆንም» ይላል ባለቤቱ። ከእውነት አልራቀም፤ ተፈትቶ የተገጠመ ዳሽቦርድ ኮረኮንች ላይ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል፣ የተረፉት ቡሎኖችም የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ይከርማሉ። ማስተሩም አንገቱ የዛለበት ነውና «ማሞቂያው ይዘጋ፣ ውሃው ዞሮ ይለፍ» ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም በደስታ ይለያያሉ። ፊውዙን ያየ የለም። ፍጥነት መቀነሻ ሬዚስተሯ ተቃጥሎ በመጨረሻው ማርሽ ብቻ የምትነፋዋንም በሕይወት ሳለች ይቀብሯታል።

መኪናው ርካሽ ቢሆን እሺ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ታገደ። አሮጌው ሁሉ ቅርስ ሆኗል። ባለቤቱም ለመቀመጫ ልብስ ይከፍላል፣ ለሪም ይከፍላል፣ ለሚያብረቀርቅ ቀለም ይከፍላል። ሶማሌ ተራ ሄዶ የማራገቢያዋን ዋጋ ሲሰማ ግን «ለንፋስ?» ብሎ ይመለሳል።

እናም ጣርማ በር ላይ ደረቅ ሳሙና ይቀባል፣ ጋዜጣ ያሻል፣ ሲብስበት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይነዳል። ዋሻውን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይሞቃል፣ መስታወቱም በራሱ ጊዜ ይጠራል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ እየቆረጠመ «አየህ፣ ተሻላት!» ይላችኋል።

«በመልሱስ?» ስትሉት፣ «በመልሱ ጉም በሌለበት ሰዓት ነው የምናልፈው» ይላል። ጉሙ በዚህ ፕሮግራም የተስማማ አይመስለኝም።