አውራ ጣቴን ጡረታ አወጡት

የእህቴ ልጅ ሥራ አገኘ ሲሉኝ እልል ብዬ ነበር። ያኪማ በምትባለው የዋሽንግተን የፖም አገር፣ ትልቅ ማከማቻ ውስጥ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቁኝማ! ፖም መጫን። ያውም በደመወዝ። እኔ እዚህ ሲያትል ሱቅ ገብቼ አንዷን በአውራ ጣቴ ጫን ባደርግ ሻጩ ዓይኑን ያፈጥብኛል።

«ጋሼ፣ የፖም ጥንካሬ በጣት ተነክቶ አይታወቅም፤ መሣሪያ አለው» ይለኛል ደግሞ። ይዞት መጥቶ አሳየኝ። እጀታ አለው፤ እንደ ሰዓት ያለ ቆጣሪ ከነቀስቱ አለው፤ ጫፉ ላይ ደንደን ያለ የብረት ዘንግ ተሰክቷል፤ ለፖም 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ለፒር 8። ማግነስና ቴይለር የሚባሉ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሰዎች በፈረንጅ 1925 አሻሽለው ካወጡት ወዲህ ዓለም ሁሉ በዚህ ዓይነቱ ይለካል አለኝ።

አለካኩን ስሙኝ። የፖሟን ልጣጭ ከጎኗ በትንሹ ይልጣል። ጠረጴዛ ላይ ያስደግፋትና ዘንጉን ቀስ አድርጎ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይከትባታል። ቀስቱ ስንት ፓውንድ ኃይል እንደፈጀ ይናገራል። ከዚያ ገልብጦ በሌላው ጎኗ ይደግማል፤ ፀሐይ የመታው ወገንና ጥላ የዋለበት እኩል አይጠነክርም አሉ። ሲያበቃ ሁለት ቦታ የተበሳችው ፖም ወደ መጣያ! እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እኔ ነክቼ ወደ ቦታዋ ብመልሳት «አበላሹ» እባላለሁ፤ እሱ ገድሏት ቁጥሯን ሲጽፍ «ጥራት ቁጥጥር» ይባላል።

«ለመሆኑ መቼ የተለቀመች ናት?» አልኩት። አምና! ዜሮ ዲግሪ አካባቢ በሚቀዘቅዝ የታሸገ ክፍል ውስጥ ያስቀምጧታል፤ እኛ የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ኦክስጅን ሲኖረው የእሷን ወደ 2 በመቶ ገደማ ያወርዱባታል፤ እንዳትበስል ትንፋሿን መቆጠብ ነው። ኤቲሊን የሚባለውን፣ ፍሬ የሚያበስል ጋዝ እንዳትሰማም የሚያደነቁራት ሌላ ጋዝ ይለቁባታል። እኔን ዕድሜ በነፃ አደነቆረኝ፤ እሷን ገንዘብ ከፍለው አደነቆሯት። ዘመድ ባገኘኝ ቁጥር «አይ፣ አረጁ!» ይለኛል፤ ዓመት ሊሞላት የደረሰች ፖም ግን «ትኩስ» ተብላ ትሸጣለች።

«ይቺኛዋ ስንት መጣች?»

«አሥራ አራት ፓውንድ።»

«ትጣፍጣለች?»

«እሱን ይሄ አያውቅም፤ ለስኳሯ ሌላ መሣሪያ አለ።»

አፍ የሚባል መሣሪያ እንዳለ የነገረው የለም።

ይባስ ብሎ፣ ሲገፋ የቸኮለ ሰው ቁጥሩ ከፍ ይልበታል። ስለዚህ ቢቻል አንድ ሰው ብቻ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ሁሉንም ይለካ ይባላል። «ታዲያ ዞሮ ዞሮ ወሳኙ እጅ አይደለም እንዴ?» ብዬ ቀኜን ዘረጋሁለት። ሳቀ። እጅን እንዳያምኑ ብለው አሁን ሞተር ያለው፣ ራሱ የሚገፋም አምጥተዋል አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ ከሚጥሏቸው ውስጥ አንድ ካርቶን እንዲያመጣልኝ። በቀሩኝ ጥርሶች ያልተበሳ ፖም መጀመር አልቻልኩም። ያ ቀዳዳ መግቢያ ይሆነኛል። «ደንቡ አይፈቅድም፣ ጋሼ» ብሎኝ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ።