አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አባት

የሁለት ዓመት ልጅ «ቧ!» ይላል። እናት ቀና እንኳ ሳትል «ውሃ ጠምቶት ነው» ትላለች። አባት ግን መጀመሪያ ኳስ ያቀብለዋል፣ ቀጥሎ መኪናውን፣ በመጨረሻም «ምንድን ነው የምትለኝ አንተ ልጅ?» ብሎ ያፈጥበታል። ልጁም በጣቱ እየጠቆመ እንደገና ማስረዳት ይጀምራል።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦናና የቋንቋ ተመራማሪ ጂን በርኮ ግሊሰን ይህን የአባቶች መደናገር በቁም ነገር አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ጽሑፋቸው ርእሱ ራሱ ወገኛ ነው፤ «አባቶችና ሌሎች ባዕዳን» እንደ ማለት። በጥናቱ አባቶች ትእዛዝ ያበዛሉ። ቁልምጫቸውም ከስድብ ብዙም አይርቅም፤ ልጃቸውን «ቂሎ» በሚመስል ስም የሚጠሩ ነበሩበት። «ይሄ ሌባ!» እያለ የልጁን ጉንጭ የሚስም የአዲስ አበባ አባት ያየ ሰው ይህ አይገርመውም።

በ1980 ደግሞ ግሊሰን ከኤሊዝ ማሱር ጋር ሆነው የሚፈታታ የአሻንጉሊት መኪና ለወላጆች ሰጡ። ከእናቶች ይልቅ አባቶች የመኪናውን ዕቃ በየስሙ እየጠሩ «ይሄስ ምን ይባላል? ለምን ይጠቅማል?» ማለት አበዙ። ሽንቱ ሲመጣ በቅጡ የማይናገር ልጅ ስለ ብሎን ይፈተናል!

ግሊሰን ግን ይህን እንደ ጉድለት አላዩትም። ከእናቱ ጋር የሚውል ልጅ በግማሽ ቃል ይግባባል። አባቱ ዘንድ ሲሄድ ግማሹ ቃል አይሠራም፤ ስለዚህ አስተካክሎ መናገር ግድ ይለዋል። ነገ ባለሱቁም ጎረቤቱም እንደ እናቱ አይረዱትምና አባት ወደ እነሱ መሸጋገሪያ ድልድይ ይሆናል።

ነገሩን በተፈጥሮ ማሳበብ ለሚወድ አባት ግን መጥፎ ዜና አለ። በግሊሰን ጥናት፣ በሕፃናት ማቆያ የሚሠሩ ወንዶች ንግግር ከሴት ባልደረቦቻቸው ንግግር ጋር በጣም ይመሳሰል ነበር። አለመረዳቱ የመጣው እንግዲህ ከወንድነት ሳይሆን ከቤት ርቆ ከመዋል ነው።

ድምፅን በማቅጠን ደግሞ አባቶችም አይታሙም። አን ፈርናልድና ባልደረቦቻቸው በ1989 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ከጃፓን እስከ ጣሊያን ያሉ አባቶች አፍ ያልፈቱ ልጆቻቸውን ሲያዋሩ እንደ እናቶቹ ድምፃቸውን ያቀጥናሉ። እግሩ ከመጋረጃው ሥር እየታየ «አልነጋም!» የሚለውን ልጁን «የት ይሆን የገባው?» እያለ በቀጭን ድምፅ የሚፈልግ ኮስታራ አለቃ፣ ድንገት ስልክ ሲጠራበት ጉሮሮውን ጠርጎ «ሀሎ» እስኪል ትንሽ ጊዜ ይፈጅበታል።