የቫምፓየሩ አቦል

ባለፈው እሑድ እኛ ሰፈር፣ እዚህ ሚዛን ተፈሪ፣ ቡና ላይ ጠብ ተነሣ። የድንበር ወይም የዕቁብ መስሎኝ ጆሮዬን ባቆም፣ ለካ የቫምፓየር ተከታታይ ፊልም ነው። «ኦሪጅናልስ ነው አንደኛ!» ትላለች አንዷ። «ዳየሪስ እያለ?» ትላለች ሌላዋ፣ ሲኒው ረከቦቱ ላይ እስኪንጫጫ። እኔም ላስታርቅ ገባሁና ሦስተኛ ተጣይ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ደረጃ ማውጣት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቡናችን ከበበቃም ይምጣ ከቴፒ፣ ጥሬው ታይቶ፣ ተቆልቶ፣ ተቀምሶ ነው የሚመደበው። ቀማሹ ፉት ይልና ይተፋል፤ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ቫምፓየር ላይ ስንደርስ ግን የሚተፋ የለም። ጎረቤቴ «ታሪኩ፣ ትወናው፣ ድርሰቱ» እያለች መስፈርት ትደረድርና፣ ሲደመር መቶው ነጥብ በሙሉ የዳየሪሱ ቫምፓየር የዴመን ዓይን ላይ ያርፋል።

ደግሞ እኮ አብዛኞቻችን ሙሉውን አላየነውም። ቫምፓየር ዳየሪስ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2017 ስምንት ሲዝን፣ 171 ክፍል ሄዷል። እኛ ዘንድ የደረሰው ፍላሻችን የቻለውን ያህል ነው። የሚጭነው ልጅ «ሲዝን አራት አይከፍትም» ካለ፣ ሲዝን አራት በዓለም ላይ አልተሠራም ማለት ነው። እኔ ራሴ «ሲዝን አራት ወርዷል» እያልኩ ዓመት ሙሉ ተከራክሬያለሁ። በኋላ ሳጣራ፣ ጨርሶ አልወረደም ነበር።

የማስታወሱ ነገርማ አይነሣ። ይህችው ጎረቤቴ ልጇ መቼ እንደተወለደች ስትጠየቅ «ኤሌና የተኛች ሰሞን» ትላለች፤ ስድስተኛው ሲዝን ማለቂያ ላይ በአስማት የተኛችውን ማለቷ ነው። ባሏ ደግሞ «የቡና ዋጋ የወደቀ ጊዜ» ይላል። ሁለቱም ጥርት አድርገው ያስታውሳሉ፤ ልጅቷ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ግን እስካሁን አልተስማሙም።

ትሩ ብለድ ሲነሣ ሁሉም አቀርቅሮ ሲኒውን ያያል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2014 የታየ፣ 80 ክፍል ያለው ሌላ የቫምፓየር ተከታታይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድም ሰው አላየውም። ነገር ግን እናት በር ስትከፍት በስንት ሰከንድ መዘጋት እንዳለበት የማያውቅ የለም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ቫምፓየር ሳይጋበዝ ደጃፍ አልፎ አይገባም የሚሉት ነው። ይሄ እነሱ ዘንድ ይሠራ ይሆናል። እኛ ሰፈር አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ኑ ቡና ጠጡ!» ይባላል፤ የኦሪጅናልሱ ክላውስ ቢመጣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ ያልቅልን ነበር። ፊልሙ ውስጥ ሰዎቹ ቬርቬን የሚባል ቅጠል መጠጣቸው ላይ እየጨመሩ ይከላከሉታል። ተስፋችን እንግዲህ ጤና አዳም ነው።

ጠቡን የገላገሉን ቡናውን የሚያፈሉት እማማ ናቸው። «ስንት ናቸው የምትጣሉባቸው?» አሉ። አስረዳናቸው፦ መጀመሪያ ዳየሪስ፣ 171 ክፍል፤ ከእሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሪጅናልስ ወጣ፣ 92 ክፍል፤ ከዚያ በ2018 ሌጋሲስ፣ 68 ክፍል። እማማ ጀበናውን ዘንበል አድርገው ውሃ እየጨመሩ፣ «ታዲያ ምን ያጣላችኋል? ቡናው አንድ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ውሃ እየጨመሩበት ነው» አሉ።

የሚመልስ ጠፋ። ቫምፓየር አንድም ቀን ሳያዩ፣ ከሁላችን የተሻለ ደረጃ አወጡ።

ቢሆንም በረካ ሳይጠጡ መነሣት ነውር ነውና፣ እኔ ሌጋሲስን ላስጭን ፍላሼን ልኬያለሁ። እናንተም የሚከፍት ሲዝን አራት ካላችሁ፣ ኑ ቡና ጠጡ።