ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ ምን ለበስኩ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቦሌ ወደ መስቀል አደባባይ በእግሩ የወረደ ሰው፣ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የተተከሉት ወንበሮች ለምን እንደተሠሩ ይገባዋል። ለመቀመጫ አይደለም። አንዷ ልጅ ወንበሩ ላይ በአንድ እግሯ ቆማ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ጓደኛዋ ንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ስልኩን ወደ ላይ አነጣጥሯል። ሌላዋ ትልቅ ፌስታል ታቅፋ ቆማለች፤ ፌስታሉ ውስጥ ሁለት ጃኬት፣ አንድ ኮፍያና አንድ ታኮ ጫማ አለ። "ወጣልኝ?" "ዓይንሽን ጨፍነሻል።" "በቃ እንደገና!" ልጅቷ ጥግ ይዞ ወደቆመው መኪና ገብታ ጃኬት ቀይራ ትወጣለች። ሱሪው ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ፀሐይዋም ያችው ናት፤ ቀኑ ግን ማክሰኞ ሆኗል። ኮፍያው ሲጨመር ረቡዕ ይሆናል። ሐሙስ ሳይለበስ የቀረው ጥበቃው መጥቶ "እዚህ ጋ ፎቶ ክልክል ነው" ስላለ ብቻ ነው።

ምን ታድርግ፣ "ወጥነት ይኑርሽ" ተብላለች። የፋሽን ገጽ ከፍቶ ስኬታማ ስለመሆን የሚሰጠው ምክር ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፦ በየቀኑ ለጥፊ፣ እንዳትጠፊ። ቀጥሎ ሪንግ ላይት ግዢ ይባላል። መብራት ሲሄድ ምን ይደረጋል ብሎ የጠየቀ ስለሌለ መልስም አልተሰጠም። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች የተመልካቹን ዓይን ያዢ፤ የሰሞኑን ዘፈን ከሥር አስገቢ፤ "ሰላም ቤተሰብ" ብለሽ ጀምሪ፤ "ላይክ፣ ሼር፣ ፎሎው" ብለሽ ጨርሺ። መሐል ላይስ ምን ይባላል? እዚያ ላይ ምክሩ ዝም ይላል።

መካሪዎቹንም ልብ ብዬ አይቻቸዋለሁ። "በሠላሳ ቀን ከዜሮ ወደ መቶ ሺህ ተከታይ" የሚል ስልጠና የሚሸጠው ወጣት የሚያስተምረው የፋሽን ገጽ ስለመገንባት ነው፤ እሱ የገነባው ግን ስለመገንባት የሚያስተምር ገጽ ነው። ሰልጣኞቹም ሲመረቁ ልብስ ወደማሳየት አይሄዱም። እነሱም በተራቸው ያሠለጥናሉ። ነገሩ እንደ ዕቁብ ይዞራል፤ ልዩነቱ ዕጣው ሁልጊዜ ለሰብሳቢው መውጣቱ ነው።

የገጹ መግቢያ ላይ የሚጻፈውም ለብቻው ይነበባል። የራስ ስም ላይ "ስታይል" ወይም "ፋሽን" ይቀጠልና ከሥር "ሞዴል፣ ዲዛይነር፣ ኢንፍሉዌንሰር፣ የአካውንቲንግ ተማሪ" ተብሎ ይደረደራል። ከአራቱ እውነተኛው የቱ እንደሆነ ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም። በመጨረሻ "ለማስታወቂያ ሥራ ብቻ በዚህ ቁጥር ይደውሉ" ይላል። ተከታዮቹ ገና የአክስት ልጆችና የሰፈር ሰዎች ናቸው። በዚያ ቁጥር እስካሁን የደወሉት የባለገጿ እናት ናቸው፤ እሳቸውም "ምሳ ቀዘቀዘ" ለማለት።

ወንዶቹን ዝም ብዬ ባልፍ አድልዎ ይሆንብኛል። ሐምሌ ላይ፣ ጎርፉ ቱቦውን ሞልቶ አስፋልት ላይ በወጣበት ቀን፣ ያለ ካልሲ ጫማ ተጫምቶ፣ ሱሪውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሳጥሮ "ወንድ ልጅ ሊኖሩት የሚገቡ አምስት ሱፎች" ብሎ የሚመክር ወጣት አለ። አምስቱንም ሱፎች ያሳየው አንድ ቡቲክ ውስጥ ነው፤ የዋጋ ወረቀቶቹ እጅጌው ውስጥ ተወትፈዋል። ከቪዲዮው በኋላ አምስቱም ወደ መስቀያቸው ተመልሰዋል። እሱ ጉንፋኑን ይዞ ወጥቷል።

መካሪዎቹ የባሕር ማዶ ምሳሌ ሲያነሱ የሚቀድመው የጣሊያናዊቷ የኪያራ ፌራኚ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የሕግ ተማሪ ሳለች የጀመረችው የፋሽን ገጽ ትልቅ ንግድ ሆኖ፣ በ2015 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ለማስተማሪያነት አጥንቶታል። እስከዚህ ድረስ ይነገራል። በ2023 መጨረሻ የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን ኩባንያዎቿን ከአንድ ሚሊዮን ዩሮ በላይ መቅጣቱ ግን ስልጠናው ላይ አይነሳም። መዘዙን ያመጣው የገና ኬክ ነው። ገዢው ኬኩን በገዛ ቁጥር በቱሪን የሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታልን የሚረዳ እንዲመስለው ተደረገ፤ አምራቹ ግን የተቆረጠ ገንዘብ የሰጠው ሽያጩ ገና ሳይጀመር ነበር። ቀጪዎቹ ብርሃኑ ጥሩ ነበር ወይ ብለው አልጠየቁም።

የፋሽን ገጽ በመክፈት ከእሷ የቀደሙትን ማየት ደግሞ የባሰ ያሳፍራል። ስኮት ሹማን እ.ኤ.አ. በ2005 ካሜራ አንጠልጥሎ ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ሲወጣ ያነሳው የነበረው የሚያልፈውን ሰው ነው፤ ኮቱ ትከሻ ላይ እንዴት እንዳረፈ፣ እጅጌው የት ላይ እንዳለቀ። ታቪ ጌቪንሰን ቺካጎ አጠገብ ከቤተሰቧ ቤት ሆና በ2008 መጻፍ ስትጀምር የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ፣ ዲዮር ትርኢት ላይ፣ ከፊት ረድፍ አስቀመጧት፤ ጭንቅላቷ ላይ ትልቅ ሪባን ጉብ አድርጋ ስለነበር ከኋላዋ የተቀመጠች የመጽሔት ሰው "ትርኢቱን ያየሁት በዚህች ልጅ ሪባን በኩል ነው" የሚል ዓይነት እሮሮ አሰማች። ሪባኑን የእኛ ልጆች ይወዱታል። ልጅቷን እዚያ ወንበር ላይ ያደረሳት ግን ስለ ልብስ የምታውቀውና የምትጽፈው ነገር ነው፤ እሱ ለመኮረጅ ይከብዳል።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ የሀበሻ ቀሚስ ገጾች ጋ። ቀሚሱ ያምራል፣ ሞዴሏ ትዞራለች፣ ነጠላው በነፋስ ይነሳል። ከሥር መቶ ሰው "ስንት ነው?" ይላል። መልሱ ለመቶውም አንድ ነው፦ "በውስጥ መስመር።" ዋጋ እንደ ንስሐ በጓዳ ብቻ የሚነገር ምሥጢር ሆኗል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ያዛል፤ ገጹ ላይ ግን የሚታየው ፈገግታ ነው። ጠያቂዋ በውስጥ መስመር ስትገባ መጀመሪያ የምትጠየቀው "የት ነሽ?" ተብላ ነው። ቀሚስ ስትጠይቅ አድራሻዋ ለምን ያስፈልጋል? ፕሮፋይሏ ላይ በረዶ ከታየ፣ ወይም ከኋላዋ የዱባይ ፎቅ ከቆመ፣ ጥለቱ በአንድ ሌሊት ይወደዳል። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ሲጠይቅ ደግሞ ገጹ "ሲን" አድርጎ ዝም ይላል።

ይህን ሁሉ ችላ የምትከፍለው ጂዳ ወይም ቤይሩት የሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት፤ ወይም ዋሽንግተን ያለች፣ የታናሽ እህቷ መልስ የደረሰባት። ገንዘቡን ትልካለች፣ ቀሚሱ ሰው ሲመጣ ይላካል። ሲደርስ ቪዲዮው ላይ ያለው አይደለም። በእጅ የተሸመነ ጥበብ መስሏት የገዛችው ከውጭ በጣቃ የገባ የታተመ ጨርቅ ይሆናል። ይህን ለመለየት ሞያ አያስፈልግም፤ ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል። ጥለቱ በሽመና የገባ ከሆነ ክሩ ከጀርባም ይታያል፤ የታተመው ጀርባው ፈዛዛ ነው። አንድ ሴኮንድ የሚፈጅ ነገር ነው። ያን ሁሉ ዙረት የምትዞረው ሞዴል የቀሚሱን ጠርዝ አንዴ እንኳ ገልብጣ አታውቅም።

እዚያው ሽሮ ሜዳ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ መውጫው ላይ፣ ለስንት ዓመት የሚሆን ወሬ ተደርድሮ ይጠብቃል። ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ሲልኩት ይውላሉ። የቱ ፈትል ነው፣ የቱ ሳባ ነው፣ መነን የሚባለው ለምን ይወደዳል፣ የእጅ ፈትል መጀመሪያ ሲታጠብ ስንት ጣት ያጥራል፣ ቀዩ ጥለት ነጩ ላይ ቀለም ይለቃል ወይስ አይለቅም? ሞዴሏ ሊያ ከበደ ከዓለም መድረክ መጥታ እ.ኤ.አ. በ2007 "ለምለም" የተባለውን የልብስ ድርጅት ያቋቋመችው የአገራችን ሸማኔዎች ገበያ እያጡ መሆኑን አይታ ነው። የእኛ ገጾች ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄደው ሸማኔውን ያገኙታል፤ "አባባ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ፣ ፎቶው ውስጥ ገቡብኝ" ይሉታል።

ማስታወቂያውም እንዲሁ ነው። "ይሄን ቅባት ራሴ ነው የምጠቀመው፣ ማንም አልከፈለኝም" የሚለው ንግግር በሦስት ገጽ ላይ፣ በሦስት ሴቶች፣ በተመሳሳይ ቃል ሲነገር ሰማሁ። አንዷ ወረቀቱን ስታነብ ዓይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር።

ከዚህ ሁሉ መሐል የምከታተላት አንዲት የሽሮ ሜዳ ነጋዴ አለች። ስልኳ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ብርሃኗ ከበሩ የሚገባው ነው፣ ከጀርባዋ ሰው ሲጨቃጨቅ ይሰማል። ቀሚሱን ትገለብጠዋለች። ዋጋውን ጮክ ብላ ትናገራለች። "ይሄኛው የታተመ ነው፣ ለልጆች ይሆናል፣ ለሠርግ አትግዙት" ትላለች፤ የራሷን ዕቃ! "ይሄ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ እንጂ በሙቅ እንዳታጥቡት፣ ያጥርና ትረግሙኛላችሁ።" ነጩ ሲያልቅ አልቋል ትላለች። ደንበኛዋ ብዙ ነው፤ በአብዛኛው በሰው በሰው የመጣ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ፣ ሰልጣኝ ሳይሆን አይቀርም፣ ከሥር ጻፈላት፦ "እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ቪዲዮሽ ጥራት ይጎድለዋል።"

መለሰችለት፦ "ልክ ነህ ወንድሜ፣ ስልኩ አሮጌ ነው። ቀሚሱ ግን አዲስ ነው። ለሚስትህ ነው ለእናትህ?"