የየትኛው ዲባባ ልጅ?

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ካገኘናቸው ስምንት ሜዳሊያዎች ሦስቱን ወደ ቤት ያስገቡት ዲባባዎች ናቸው። ጥሩነሽ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ፣ ገንዘቤ በ1500 ሜትር ብር፣ ማሬ በማራቶን ነሐስ። ፈረንጅ ደግሞ ሁለተኛውን ስም አንዴ ካየ በቃ፣ የዘር ሐረግ መምዘዝ ይጀምራል።

ጥሩነሽና ገንዘቤ እርግጥ እህትማማቾች ናቸው፤ እጅጋየሁም አለች። ማሬ ግን የሌላ ዲባባ ልጅ ናት። አገሩ ዲባባ የሚባል ሰው አላነሰው! እንዲያውም ለእነ ጥሩነሽ የሥጋ ዘመዳቸው፣ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትርን አሸንፋ መንገዱን የከፈተችላቸው ደራርቱ ቱሉ ናት። ስሟ ውስጥ ዲባባ ስለሌለ ግን ባዳ ሆና ትቀራለች፤ ባዳዋ ማሬ ደግሞ እህት ትደረጋለች። ማሬ ለጥቂት ጊዜ ለአዘርባጃን ስትሮጥ «ማሬ ኢብራሂሞቫ» ተብላ ነበር። ያን ጊዜ እንኳ ከዚህ ሁሉ ዝምድና አርፋለች።

ከሁሉ የምታስቀኝ ግን «ገብረሥላሴ አሸነፈ!» የምትለዋ የፈረንጅ ጩኸት ናት። የኃይሌ አባት የአሰላ ገበሬ ነበሩ፤ የልጃቸውን ሩጫ አልወደዱለትም ነበር። እንግዲህ ሩጫን ያልወደዱት ሰውዬ ከሽቱትጋርት እስከ ሲድኒ፣ እግራቸውን ሳያነሱ ሲያሸንፉ ኖሩ ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ብዙ አንኩራራ። የአባት ስም ባያደናግረን የራስ ስም ያደናግረናል። በአንድ ዘመን ስንት መንግሥቱ ነበረን? በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ የጃንሆይን ዙፋን ሊገለብጥ ተነሣ፣ አልተሳካለትም፣ ተሰቀለ። በጥር 1954 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ወርቁ ግብፅ ላይ አራተኛዋን ጎል አገባና ጃንሆይ የአፍሪካን ዋንጫ በእጃቸው ሰጡ። በዓመት ገደማ ውስጥ አንዱ መንግሥቱ ሊያወርዳቸው፣ ሌላው መንግሥቱ ሊያስደስታቸው! (በዚያው ቡድን ውስጥ ሉቻኖ ቫሳሎና ኢታሎ ቫሳሎ ነበሩ። እነሱ የእውነት ወንድማማቾች ናቸው፤ ፈረንጅም አንዳንዴ ይሳካለታል።) መንግሥቱ ለማ ዙፋንም ኳስም ሳይነካ «ያላቻ ጋብቻ»ን ጽፎ ሕዝቡን አሳቀ። ዙፋኑን በመጨረሻ የወሰደው መንግሥቱ ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ሙሉ ስም ከነአባቱ ሲገጥም ግን መድኃኒት የለውም። በጥር 2001 ዓ.ም. የዱባይ ማራቶንን ከወንዶች ኃይሌ፣ ከሴቶች ብዙነሽ በቀለ አሸነፉ። እኔ በዚያ ሰሞን ጎረቤታችን እማማ ዘንድ ቡና ተጠርቼ ነበር። ሁለተኛው ጀበና ሊወርድ ሲል ሬዲዮው ዜናውን ተናገረ። እማማ ሲኒውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«በስመ አብ! ብዙነሽ አርፋ የለም እንዴ?»

«እማዬ፣ ያረፈችው ዘፋኟ ናት። ይቺ ሯጭ ናት፣ ገና ወጣት» አለች ልጃቸው።

«ብዙነሽ በቀለ አይደለም ያለው?»

«አዎ፣ ግን ሌላ ብዙነሽ።»

«አባቷስ?»

«በቀለ። ግን ሌላ በቀለ።»

እማማ ሲኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልጅቷ እያታለለቻቸው እንደሆነ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ዘፋኟ ብዙነሽ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፅ እንደነበረች ያስታውሳሉ፤ ወጣትነታቸው ያለፈው እሷን እየሰሙ ነው። ትንሽ አሰቡና ወደኔ ዞረው፣ ነገሩን እንደጨረሰ ዳኛ፣ እንዲህ አሉ፦

«ብትሮጥስ ምን ይገርማል? ክብር ዘበኛ አልነበረችም? አበበ ቢቂላስ ከየት ነው የወጣው?»